የባለሁለት አቅጣጫ ፊክስድ ኢፌክት ሪግሬሽን ክብደቶች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ እነዚህ ክብደቶች ደጋግመው የሚነሱትን ጥያቄዎች ከቀላሉ ጀምሬ ወደ አስቸጋሪው ደርድሬያቸዋለሁ።

ባለሁለት አቅጣጫ ፊክስድ ኢፌክት ሪግሬሽን ምንድነው?

የተወሰኑ ቡድኖችን ለብዙ ዓመታት የሚከታተል ዳታ አላችሁ እንበል። ቡድኑ ክልል፣ ትምህርት ቤት፣ ድርጅት ወይም ግለሰብ ሊሆን ይችላል። ከመካከላቸው አንዳንዶቹ በሆነ ዓመት አዲስ ነገር ይጀምራሉ። ሕግ ይሁን ሥልጠና ወይም መድኃኒት፣ እዚህ ትሪትመንት እንለዋለን። ውጤቱን በትሪትመንቱ ላይ ሪግረስ ስታደርጉ፣ ማለትም ውጤቱ ከትሪትመንቱ ጋር እንዴት እንደሚለወጥ ስትገምቱ፣ ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ደሚ፣ ለእያንዳንዱ ዓመት ደግሞ አንድ ደሚ ትጨምራላችሁ። ደሚ ለዚያ ቡድን ወይም ዓመት 1፣ ለሌላው 0 የሚሆን ተለዋዋጭ ነው። የቡድኑ ደሚ በቡድኑ ውስጥ ከዓመት ዓመት የማይለወጠውን ሁሉ ይወስዳል። የዓመቱ ደሚ ሁሉንም ቡድን እኩል የነካውን ይወስዳል። "ባለሁለት አቅጣጫ" የተባለው ለዚህ ነው።

በጣም የተለመደ ዘዴ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2012 በአሜሪካን ኢኮኖሚክ ሪቪው መጽሔት ከወጡት የዳታ ጥናቶች 19 በመቶው ይህን ሪግሬሽን ተጠቅመዋል። ስለዚህ እዚህ ያለው ችግር የጥቂት ሰዎች ችግር አይደለም።

"ክብደት" ሲባል የናሙና ክብደት ማለት ነው?

አይደለም። የናሙና ክብደት እናንተ ራሳችሁ ለሶፍትዌሩ የምትሰጡት ነው። እዚህ የምናወራው ሪግሬሽኑ ሳይጠይቃችሁ በራሱ ስለሚሰጠው ክብደት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትሪትመንቱ በእያንዳንዱ ቡድንና በእያንዳንዱ ዓመት የየራሱ ተጽዕኖ አለው። አንዱ ቡድን ላይ ብዙ ይሠራል፣ ሌላው ላይ ትንሽ። በመጀመሪያው ዓመት ትንሽ ሆኖ በሦስተኛው ዓመት ሊያድግም ይችላል። ሪግሬሽኑ ግን የሚሰጣችሁ አንድ ኮኤፊሸንት፣ ማለትም የትሪትመንቱን ተጽዕኖ የሚገምት አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ያ አንድ ቁጥር የተገኘው የየሴሉ ተጽዕኖ በሆነ ክብደት እየተባዛ ተደምሮ ነው። ሴል የምለው አንድን ቡድን በአንድ ዓመት ነው። ክብደቶቹ ሲደመሩ 1 ይሆናሉ። ነገር ግን እኩል አይደሉም። አንዳንዶቹ ከዜሮ በታች ሊሆኑም ይችላሉ።

ክብደቱ ከየት ይመጣል? ቀመሩስ?

ቀመሩ ከምታስቡት በላይ ቀላል ነው። ፍሪሽ እና ዋው እ.ኤ.አ. በ1933 ባሳዩት፣ ላቭል በ1963 ባሰፋው ቲዎረም ላይ ይቆማል። መጀመሪያ ውጤቱን ሙሉ በሙሉ እርሱት። ትሪትመንቱን ብቻ ውሰዱና በቡድንና በዓመት ደሚዎች ላይ ሪግረስ አድርጉት። ከዚያ የሚተርፈው ቀሪ፣ ማለትም ደሚዎቹ ያላብራሩት ክፍል ነው ቁልፉ። ትሪትመንት ያገኘ ሴል ክብደት የዚያ ሴል ቀሪ፣ ትሪትመንት ባገኙ ሴሎች ቀሪ ድምር ሲካፈል ነው። ሴሎቹ የያዙት ሰው ብዛት የተለያየ ከሆነ ቀሪውን ከማካፈላችሁ በፊት በብዛቱ አባዙት።

የቡድንና የዓመት ዳታው ሳይጎድል ሙሉ ከሆነና ሴሎቹ እኩል ከሆኑ ቀሪውን በወረቀት ማውጣት ይቻላል። የሴሉን ትሪትመንት ያዙ። የቡድኑን አማካይ ቀንሱ። የዓመቱን አማካይ ቀንሱ። ጠቅላላውን አማካይ ጨምሩ። በቃ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። በዚህ ስሌት ውስጥ ውጤቱ የትም አልገባም። ክብደቱን የሚወስነው ማን መቼ ትሪትመንት እንደጀመረ ብቻ ነው። ስለዚህ ክብደቶቹን ኮኤፊሸንቱን ከማየታችሁ በፊት ማስላት ትችላላችሁ። እኔ የምመክረውም ይህንኑ ነው። ቁጥሩን ካየን በኋላ ሁላችንም ለሚመቸን ነገር ማመካኛ እንፈልጋለንና።

በቁጥር ምሳሌ ልታሳየን ትችላለህ?

ሁለት ቡድን፣ አራት ዓመት እንውሰድ። ቡድን ሀ ትሪትመንቱን የጀመረው በ2ኛው ዓመት ነው። ቡድን ለ በ3ኛው። አንዴ ከጀመሩ አያቆሙም። የሀ አማካይ 0.75 ነው፣ የለ 0.5። የዓመቶቹ አማካይ በተራ 0፣ 0.5፣ 1 እና 1 ነው። ጠቅላላ አማካዩ 0.625።

አሁን ቀሪዎቹን እናውጣ። ሀ በ2ኛው ዓመት፦ 1 ሲቀነስ 0.75 ሲቀነስ 0.5 ሲደመር 0.625፣ ማለትም 0.375። ሀ በ3ኛውና በ4ኛው ዓመት፦ እያንዳንዳቸው ከዜሮ በታች 0.125። ለ በ3ኛውና በ4ኛው ዓመት፦ እያንዳንዳቸው 0.125። የአምስቱ ድምር 0.375 ነው። ስናካፍል የሀ 2ኛ ዓመት ክብደት 1 ይሆናል። የለ ሁለት ዓመታት እያንዳንዳቸው አንድ ሦስተኛ ያገኛሉ። የሀ 3ኛና 4ኛ ዓመት ደግሞ እያንዳንዳቸው ኔጌቲቭ አንድ ሦስተኛ።

ተጽዕኖው በጀመሩበት ዓመት 1፣ በሚቀጥለው 2፣ በሦስተኛው 3 ነው እንበል። ትክክለኛው አማካይ ተጽዕኖ 1.8 ነው። ሪግሬሽኑ ግን 0.33 ይላችኋል። የሦስተኛው ዓመት ተጽዕኖ 3 መሆኑ ቀርቶ 7 ቢሆንስ? ትክክለኛው አማካይ ወደ 2.6 ያድጋል። ሪግሬሽኑ ግን ኔጌቲቭ 1 ይላል። ትሪትመንቱ ሁሉንም ጠቅሟል፣ ቁጥሩ ግን ጎድቷል ይላል። ይህን ስሌት አንድ ጊዜ በእጃችሁ ብትሠሩት ደስ ይለኛል። ከዚያ በኋላ ነገሩ አይረሳም።

ኔጌቲቭ ክብደት በቀላል አማርኛ ለምን ይመጣል?

ሪግሬሽኑ ማወዳደሪያ ይፈልጋል። ለ በ3ኛው ዓመት ሲጀምር ከማን ጋር ይወዳደር? የቀረው ሀ ብቻ ነው። ሀ ግን ቀድሞ ጀምሯል። የሀ ተጽዕኖ ከ2ኛ ወደ 3ኛ ዓመት ካደገ፣ ሪግሬሽኑ ዕድገቱን "ትሪትመንት ባይኖርም የሚመጣ የጊዜ ለውጥ ነው" ብሎ ይቆጥረዋል። ከለ ላይም ይቀንሰዋል። የሀ የኋላ ዓመታት በኔጌቲቭ የሚገቡት በዚህ መንገድ ነው።

በዚህ ምክንያት ኔጌቲቭ ክብደት በብዛት የሚወድቀው ቀድመው በጀመሩ ቡድኖች የመጨረሻ ዓመታት ላይ ነው፤ በተለይ በዚያ ጊዜ አብዛኛው ቡድን ጀምሮ ከሆነ። የረጅም ጊዜ ተጽዕኖ የሚታየው ደግሞ እዚያው ላይ ነው። ጉዳቱ ድርብ ነው።

ፈጽሞ ያልጀመረ ቡድን ካለኝ ችግሩ ይጠፋል?

ይቀንሳል፣ ብዙ ጊዜም በጣም ይቀንሳል። ከላይ ባለው ምሳሌ ላይ ምንም ጊዜ ያልጀመረ ቡድን ሐን ጨምሩና እንደገና አስሉ። የለ ሁለት ሴሎች እያንዳንዳቸው 0.3 ያገኛሉ። የሀ 2ኛ ዓመት 0.4። የሀ 3ኛና 4ኛ ዓመት ልክ ዜሮ ይሆናሉ። ኔጌቲቩ ጠፋ።

ግን ዜሮውን ልብ በሉ። የሀ 3ኛና 4ኛ ዓመት ተጽዕኖ ጭራሽ አልተቆጠረም። ተጽዕኖው 1፣ 2፣ 3 ቢሆን ሪግሬሽኑ 1.3 ይላል፣ እውነቱ ግን 1.8 ነው። ከ0.33 ይሻላል። ትክክል ግን አይደለም።

ስታታ ላይ እንዴት ነው የማሰላው?

በስታቲስቲክስ ሶፍትዌሩ ስታታ ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው የተዘጋጀ ትዕዛዝ ነው። ክሌማን ደ ሼዝማርታን እና ዛቪየር ዶትፈይ እ.ኤ.አ. በ2020 ካሳተሙት ጥናት ጋር የሚሄደው ትዕዛዝ ቱዌይኤፍኢዌይትስ ይባላል። ስሙ ሳይነጣጠል፣ በትንንሽ ፊደል ይጻፋል። የስታታ ተጨማሪ ትዕዛዞች ከሚገኙበት የኤስኤስሲ ማከማቻ በተለመደው የኢንስቶል ትዕዛዝ ይጫናል። ከስሙ ቀጥሎ አራት ተለዋዋጮች በቅደም ተከተል ይገባሉ፦ ውጤት፣ ቡድን፣ ጊዜ፣ ትሪትመንት። ቅደም ተከተሉን ማምታታት የተለመደ ስህተት ነው። ከኮማው በኋላ "ታይፕ" የሚለው አማራጭ የግድ ያስፈልጋል። ለተለመደው የፊክስድ ኢፌክት ሪግሬሽን ኤፍኢቲአር የሚለውን ስጡት። "ኤፍኢ" በትንንሽ፣ "ቲአር" በትልልቅ ፊደል ነው።

ሁለተኛው መንገድ በእጅ ነው። ትሪትመንቱን በሬግኤችዲኤፍኢ ትዕዛዝ በቡድንና በጊዜ ላይ አብዞርብ አድርጉና (ደሚዎቹን አንድ በአንድ ሳትጽፉ የሚያስገባ አማራጭ ነው) ቀሪውን አስቀምጡ። ከዚያ ትሪትመንት ያገኙትን ሴሎች ቀሪ ደምሩ፣ አካፍሉ። ከአምስት መስመር አይበልጥም። ኤክስቲሬግ የሚባለውን ሌላ የስታታ የፊክስድ ኢፌክት ትዕዛዝ የምትጠቀሙ ከሆነ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ በፕረዲክት የምትጠይቁት "ኢ" የሚለውን ብቻ ነው። "ዩኢ" የሚለው የቡድኑን ፊክስድ ኢፌክት ከቀሪው ጋር ደምሮ ይሰጣችኋል። በዚያ የተሠራ ክብደት ትርጉም የለውም።

ሁለቱንም መንገድ እንድትሠሩ እመክራለሁ። ትዕዛዙ ይፈጥናል፣ የእጁ ያስተምራል።

አር ላይስ?

በሌላው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር በአርም ተመሳሳይ ነው። ቱዌይኤፍኢዌይትስ የሚባለው ፓኬጅ የአር ፓኬጆች ማከማቻ በሆነው ክራን ላይ አለ። ተግባሩ ዳታውን፣ አራቱን ተለዋዋጮችና "ታይፕ"ን ይቀበላል። በእጅ ለመሥራት ፊክስስት የሚባለው ፓኬጅ ግሩም ነው። ፊኦልስ በሚለው ተግባር ትሪትመንቱን በግራ፣ በቀኝ ደግሞ 1 ብቻ ጻፉ። ከቁሙ መስመር በኋላ ቡድንና ጊዜን አስገቡ። ከውጤቱ ላይ ቀሪውን ሳቡ። ዳታው ትልቅ ሲሆን ፍጥነቱ ይታያችኋል።

ትዕዛዙ ያወጣውን እንዴት ላንብበው?

መጀመሪያ ስንት ሴሎች ፖዘቲቭ፣ ስንቶቹ ኔጌቲቭ ክብደት እንዳገኙ ይነግራችኋል። ቀጥሎ የፖዘቲቮቹን ድምርና የኔጌቲቮቹን ድምር ያወጣል። ከቁጥሩ ይልቅ ድምሩን ተመልከቱ። ኔጌቲቭ ሴሎች ብዙ ሆነው ድምራቸው 0.01 ብቻ ከሆነ የሚያሳስብ አይደለም። በምሳሌያችን የኔጌቲቮቹ ድምር ሁለት ሦስተኛ ነው፣ የፖዘቲቮቹ 1.67። ይህ ከባድ ነው።

ከዚያ ሁለት የማጠቃለያ መለኪያዎች አሉ። ካልወጡላችሁ "ሰመሪ መዠርስ" የሚለውን አማራጭ ጨምሩ። ሰው በብዛት የሚደናገረው እዚህ ነው፣ ስለዚህ ቀስ ብለን እንሂድ። የመጀመሪያው መለኪያ የሚመልሰው ጥያቄ ይህ ነው፦ እውነተኛው አማካይ ተጽዕኖ ዜሮ ሆኖ ሳለ ይህ ኮኤፊሸንት እንዲወጣ፣ ተጽዕኖዎቹ ከሴል ሴል ቢያንስ ምን ያህል መለያየት አለባቸው? መልሱ በስታንዳርድ ዴቪዬሽን፣ ማለትም ቁጥሮች ከአማካያቸው ምን ያህል እንደሚርቁ በሚለካ መጠን ይሰጣል። ስሌቱ የኮኤፊሸንቱ ፍጹም ዋጋ፣ አማካያቸው 1 እንዲሆን በተስተካከሉት ክብደቶች ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ሲካፈል ነው። ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ ስጉ። ትልቅ ከሆነ ተረጋጉ።

በምሳሌያችን ኮኤፊሸንቱ 0.33 ሲሆን መለኪያው 0.13 አካባቢ ይወጣል። ተጽዕኖዎቹ በ0.13 ብቻ ቢለያዩ እውነተኛው አማካይ ዜሮ ሊሆን ይችል ነበር ማለት ነው። ቡድን ሐን ስንጨምር ኮኤፊሸንቱ 1.3፣ መለኪያው 1.55 ይሆናል። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ሁለተኛው መለኪያ ከዚህ የጠነከረ ነው። የሁሉም ሴል ተጽዕኖ ከኮኤፊሸንቱ ምልክት ተቃራኒ ሊሆን የሚችልበትን ትንሹን ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ይነግራል። ኔጌቲቭ ክብደት ከሌለ ይህ ሊሆን ስለማይችል አይወጣም።

"ትንሽ" እና "ትልቅ" የሚለውን ግን ሶፍትዌሩ አይወስንላችሁም። የሥራ መስካችሁን ታውቃላችሁ። በቡድኖች መካከል የ0.13 ልዩነት የሚጠበቅ ነው ወይስ የማይታሰብ? ይህን መመለስ የእናንተ ድርሻ ነው።

በ"ታይፕ" ውስጥ ካሉት ምርጫዎች የትኛውን ልውሰድ?

የሠራችሁት ሪግሬሽን ይወስናል። በፊክስድ ኢፌክት ከሆነ ኤፍኢ በሚለው የሚጀምሩትን፣ በዓመት ለዓመት ልዩነት ከሆነ ኤፍዲ በሚለው የሚጀምሩትን ውሰዱ። ከዚያ ደግሞ ግምታችሁ ይመጣል። "ቲአር" የሚለው ፓራለል ትሬንድን ብቻ ይገምታል። ማለትም ትሪትመንቱ ባይኖር ኖሮ ቡድኖቹ በአማካይ አብረው ይጓዙ ነበር ይላል። "ኤስ" የሚለው በዚህ ላይ የአንድ ቡድን ተጽዕኖ ከዓመት ዓመት አይለወጥም የሚል ግምት ይጨምራል።

በኤስ ግምት ችግሩ ብዙ ጊዜ ይቀላል። በምሳሌያችን የሀ ተጽዕኖ በሦስቱም ዓመት አንድ ከሆነ ክብደቱ ተደምሮ አንድ ሦስተኛ ይሆናል፣ የለ ደግሞ ሁለት ሦስተኛ። ኔጌቲቭ የለም። ግን ተጽዕኖ በጊዜ አይለወጥም ማለት ከባድ ግምት ነው። አብዛኛው ፖሊሲ እየቆየ ነው የሚሠራው። እኔ ከቲአር ነው የምጀምረው።

በእጄ ያሰላሁት ከትዕዛዙ ጋር አልገጠመም። ምን አጠፋሁ?

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ናሙናው ላይ ነው። ውጤቱ የጎደለባቸው ረድፎች ከዋናው ሪግሬሽን ይወጣሉ። ትሪትመንቱን ብቻ ሪግረስ ስታደርጉ ግን ውጤቱ ስለማይገባ እነዚያ ረድፎች ይቀራሉ። ቀሪው ይለወጣል። ሁለቱን ሪግሬሽን በአንድ ናሙና ላይ ሥሩ። እኔ ራሴ አንድ ሙሉ ቀን ያጠፋሁት በዚህ ምክንያት ነበር።

ሁለተኛው፣ የወረቀቱን ቀመር ባልተሟላ ዳታ ላይ መጠቀም ነው። አማካዮችን የመቀነሱ ስሌት የሚሠራው ዳታው ሙሉና ሴሎቹ እኩል ሲሆኑ ብቻ ነው። የጎደለ ዓመት ካለ የሪግሬሽኑን ቀሪ ተጠቀሙ። ሦስተኛው፣ ዳታችሁ በግለሰብ ደረጃ ሆኖ ትሪትመንቱ በአንድ ሴል ውስጥ ከሰው ሰው ከተለያየ ትዕዛዙ የሴሉን አማካይ ይወስዳል። እናንተ ካልወሰዳችሁ አይገጥምም።

ማረጋገጫ ደግሞ አለ። ቀሪውን በውጤቱ አባዝታችሁ ደምሩ። ቀሪውን በትሪትመንቱም አባዝታችሁ ደምሩ። የመጀመሪያውን በሁለተኛው አካፍሉ። የሪግሬሽኑ ኮኤፊሸንት ራሱ መውጣት አለበት። ካልወጣ ወደፊት አትሂዱ። ስታታ ላይ ቀሪውን በደብል፣ ማለትም ብዙ አሃዝ በሚይዘው የቁጥር ዓይነት ማስቀመጥም አትርሱ። እንደ ቡድን ሐ ምሳሌ ክብደቱ ልክ ዜሮ መሆን ሲገባው በማጠጋጋት ስህተት ከዜሮ በታች የሆነ ኢምንት ቁጥር ሊወጣ ይችላል። ኔጌቲቭ ስትቆጥሩ ያታልላችኋል።

የጉድማን-ቤከን ትንተና ሁሉም ክብደት ፖዘቲቭ ነው ይላል። እዚህ ደግሞ ኔጌቲቭ አለ። ማንን ልመን?

ሁለቱንም። የሚመዝኑት ነገር ይለያያል። አንድሩ ጉድማን-ቤከን እ.ኤ.አ. በ2021 ያሳተመው ትንተና የሚመዝነው ማወዳደሪያዎችን ነው። ኮኤፊሸንቱን የሁለት ቡድንና የሁለት ጊዜ ንጽጽሮች አማካይ አድርጎ ይበትነዋል። የእነዚያ ንጽጽሮች ክብደት ሁልጊዜ ፖዘቲቭ ነው። ችግሩ የተደበቀው ንጽጽሮቹ ውስጥ ነው። አንዳንዶቹ ቀድሞ የጀመረን ቡድን ማወዳደሪያ ያደርጋሉ።

በምሳሌያችን ሁለት ንጽጽሮች ብቻ አሉ። አንዱ ሀን ገና ካልጀመረው ለ ጋር ያወዳድራል፣ ክብደቱ አንድ ሦስተኛ። ሌላው ለን ቀድሞ ከጀመረው ሀ ጋር ያወዳድራል፣ ክብደቱ ሁለት ሦስተኛ። ሁለቱም ፖዘቲቭ ናቸው። ሁለተኛውን ስትከፍቱት ግን የሀ 3ኛና 4ኛ ዓመት ተጽዕኖ በግማሽ በግማሽ ተቀንሶ ታገኙታላችሁ። ሁለት ሦስተኛን በግማሽ ስታባዙ አንድ ሦስተኛ። ያው የቅድሙ ኔጌቲቭ ክብደት ነው። ስታታ ላይም አር ላይም ቤከንዲኮምፕ በሚል ስም ይገኛል። የሚሠራው ትሪትመንቱ 0 ወይም 1 ሆኖ አንዴ ከጀመረ ለማይቆም፣ ዳታውም ሙሉ ለሆነ ጥናት ነው።

ኔጌቲቭ ክብደት የለኝም። ተገላገልኩ?

ከምልክት መገልበጥ ተገላግላችኋል። ሁሉም ተጽዕኖ ፖዘቲቭ ከሆነ ኮኤፊሸንቱም በአማካይ ፖዘቲቭ ይሆናል። ያ ትልቅ ነገር ነው። ግን የምትፈልጉትን አማካይ አገኛችሁ ማለት አይደለም። ከላይ 1.3 እና 1.8 ያየነው ያለ ምንም ኔጌቲቭ ክብደት ነው።

ይህ ሁሉ ስሌት ፓራለል ትሬንድን እንደ እውነት ተቀብሎ የሚነሳ መሆኑንም አስታውሱ። ቡድኖቹ ቀድሞውኑ በተለያየ መንገድ ይጓዙ ከነበረ ክብደቶቹ ምንም ያህል ቢያምሩ አያድኗችሁም።

ኔጌቲቭ ክብደት አለኝ። ጥናቴ ተበላሸ ማለት ነው?

የግድ አይደለም። ተጽዕኖው በሁሉም ሴል አንድ ከሆነ ክብደቱ ምንም ቢሆን ኮኤፊሸንቱ ትክክል ነው። ተጽዕኖዎቹ ቢለያዩም ልዩነታቸው ከክብደቱ ጋር ካልተያያዘ ችግር የለም። ትዕዛዙ ይህን የምትፈትሹበት "ቴስት ራንደም ዌይትስ" የሚል አማራጭ አለው። ከተጽዕኖው መጠን ጋር ይያያዛል የምትሉትን የቡድን ባሕርይ ትሰጡታላችሁ። ከክብደቱ ጋር ያለውን ዝምድና ያወጣላችኋል። ዓመቱን ራሱን ማስገባት ጥሩ መነሻ ነው። ክብደቱ ከዓመቱ ጋር እየቀነሰ ከሄደና ተጽዕኖው እየቆየ የሚያድግ ከመሰላችሁ፣ ኮኤፊሸንቱ እውነቱን አሳንሶ እያሳያችሁ ነው።

ኔጌቲቭ ክብደት ያላቸውን ሴሎች አውጥቼ ብጥላቸውስ?

ብዙ ሰው ይህን ያስባል። ክብደቱ ግን የሴሉ የግል ንብረት አይደለም። የሁሉም ሴሎች ዝምድና ውጤት ነው። አንድ ሴል ስትጥሉ የሌሎቹ ሁሉ ክብደት እንደገና ይሰላል።

በምሳሌያችን የሀን 3ኛና 4ኛ ዓመት እንጣል። አሁን በእነዚያ ዓመታት ለ ብቻውን ቀረ። የዓመቱ ደሚ ሙሉ በሙሉ ይውጠዋል። ክብደቱም ዜሮ ይሆናል። የሚተርፈው የሀ 2ኛ ዓመት ብቻ ነው፣ ክብደቱም 1። የወጣው ቁጥር ስህተት አይደለም፣ ግን የአንድ ሴል ተጽዕኖ ነው። ጥያቄያችሁ ሳታውቁት ተቀይሯል።

ኮንትሮል ተለዋዋጮች ስጨምር ክብደቱ ይለወጣል?

አዎ። ቀሪው አሁን ከደሚዎቹ በተጨማሪ ከኮንትሮሎቹም የተረፈው ስለሆነ ይለወጣል። "ኮንትሮልስ" በሚለው አማራጭ እነዚያኑ ተለዋዋጮች አስገቡ። ዋናው ሪግሬሽናችሁ ውስጥ ያሉትን በሙሉ፣ አንድም ሳይቀር። ያለ ኮንትሮል የተሰላ ክብደት ኮንትሮል ስላለው ሪግሬሽን ምንም አይነግራችሁም።

ትሪትመንቴ 0 ወይም 1 ሳይሆን መጠን ያለው ቢሆንስ?

ትዕዛዙ ይሠራል። ክብደቱ የቀሪውና የመጠኑ ብዜት ላይ ይመሠረታል፣ የሚመዘነውም በአንድ የመጠን አሃድ የሚገኘው ተጽዕኖ ነው። ግን ኔጌቲቭ ክብደት እዚህ ይብሳል። ሁሉም በአንድ ቀን ቢጀምሩም አይቀርም። ሁለት ዓመት ብቻ አስቡ። በ1ኛው ማንም የለውም፣ በ2ኛው ሁሉም የተለያየ መጠን አገኙ። ከአማካይ በታች ያገኘ ቡድን ሁሉ ኔጌቲቭ ክብደት ይሰጠዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ትንሽ ያገኙት ብዙ ላገኙት ማወዳደሪያ ሆነዋል። መጠን ባለው ትሪትመንት የምትሠሩ ሁሉ ይህን ስሌት ሳትሠሩ አትለፉ።

ታዲያ በምን ልተካው?

ትሪትመንቱ 0 ወይም 1 ሆኖ አንዴ ከተጀመረ የማይቆም ከሆነ ምርጫው ሰፊ ነው። የካላዌይ እና ሳንታና ዘዴ ለእያንዳንዱ የጀማሪ ቡድን ለብቻው ይገምታል፣ ማወዳደሪያው ገና ያልጀመሩ ወይም ፈጽሞ ያልጀመሩ ናቸው። አር ላይ ዲድ፣ ስታታ ላይ ሲኤስዲድ ይባላል። የቦሩስያክ፣ ጃራቬል እና ስፒስ ዘዴ ደሚዎቹን ትሪትመንት ባላገኙ ሴሎች ላይ ብቻ ይገምታል። ከዚያ ትሪትመንት ባይኖር ይሆን የነበረውን ይተነብያል፣ ልዩነቱን ይወስዳል። ሐሳቡን ለሌላ ሰው ለማስረዳት ይህ ለእኔ ከሁሉም ይቀለኛል። ትሪትመንቱ የሚጀመርና የሚቆም ወይም መጠን ያለው ከሆነ የደ ሼዝማርታንና ዶትፈይ ዲድመልቲፕልጂቲ እና ተከታዩ ለዚያ የተሠሩ ናቸው።

በሁሉም ግን ክብደቱን የምትመርጡት እናንተ ናችሁ። በምሳሌያችን ያለ ቡድን ሐ ከ3ኛው ዓመት ጀምሮ ማወዳደሪያ የለም። ስለዚህ እነዚህ ዘዴዎች የሀን 2ኛ ዓመት ብቻ ይገምቱና ለሌላው መልስ የለኝም ይላሉ። ጉድለት እንዳይመስላችሁ። ዳታው ያልያዘውን የትኛውም ዘዴ ሊፈጥር አይችልም።

ኢቨንት ስተዲ እየሠራሁ ነው፣ ከትሪትመንቱ መጀመሪያ በፊትና በኋላ ላለው ለየዓመቱ የየራሱ ኮኤፊሸንት አለው። እኔም ይነካኛል?

ይነካችኋል፣ በሌላ መልክ። ሰን እና አብርሃም እ.ኤ.አ. በ2021 እንዳሳዩት ቡድኖቹ በተለያየ ጊዜ ከጀመሩና የተጽዕኖው ጉዞ ከቡድን ቡድን ከተለያየ፣ የአንዱ ዓመት ኮኤፊሸንት ውስጥ የሌሎቹ ዓመታት ተጽዕኖ ይገባል። የራሱ ዓመት ክብደቶች ድምር 1 ነው። የሌሎቹ፣ በሞዴሉ ውስጥ እስካሉ ድረስ፣ የየዓመቱ ድምር ዜሮ ነው። ድምሩ ዜሮ ነው ማለት ግን እያንዳንዱ ዜሮ ነው ማለት አይደለም።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ብዙዎችን ያስደነግጣል። ትሪትመንቱ ከመጀመሩ በፊት ያሉት ኮኤፊሸንቶች ከዜሮ ቢርቁ፣ ፓራለል ትሬንድ ስለፈረሰ ላይሆን ይችላል። የኋላው ዓመት ተጽዕኖ ወደ ቀደሙት ዓመታት ኮኤፊሸንት ፈስሶ ሊሆን ይችላል። በተቃራኒውም ዜሮ መሆናቸው ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ስታታ ላይ ኢቨንትስተዲዌይትስ የሚባለው ትዕዛዝ እነዚህን ክብደቶች ያወጣላችኋል። አር ላይ ፊክስስት ውስጥ ያለው ሰናብ የሚባለው ተግባር ከዚህ ጣጣ የጸዳውን ግምት በቀጥታ ይሠራል። የቅድመ ጊዜ ኮኤፊሸንቶቻችሁን በአሮጌው መንገድ አይታችሁ "ፓራለል ትሬንድ ወድቋል" ብላችሁ ጥናቱን ከመተዋችሁ በፊት፣ በሰናብ አንድ ጊዜ እንደገና ሞክሩት።